የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት፦ ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣው ሄርኒያ ከየት ይጀምራል?

አጎቴ የመንዝ ገበሬ ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ አንጀታቸው ተጠምዝዞ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም በጭነት መኪና ጋቢና ሆስፒታል ደርሰው በዚያው ሌሊት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ተረፉም። ቤተሰቡ ሐኪሞቹን መርቆ፣ ፈጣሪውን አመስግኖ ወደ ቀዬው ተመለሰ። መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ዕርፍ ያዙ። በቀጣዩ መስከረም ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ፣ ጠባሳው ላይ፣ ሲያስሉ የሚወጣ ሲጋደሙ የሚገባ እብጠት ታየ። መጀመሪያ የሎሚ ያህል ነበር። ዛሬ ጋቢ ደርበው እንኳ ከሩቅ ይታያል።

«ምነው ጋሼ፣ ሳይሽርልዎ ዕርፍ ባይዙ ኖሮ!» ያላላቸው ዘመድ የለም። እርሳቸውም አምነው ተቀብለዋል። ከምን መጣብዎት ሲባሉ «በገዛ እጄ ነው» ይላሉ።

ይህን የምጽፈው ያ ፍርድ ልክ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣ ሄርኒያ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እርሻ ላይ አይደለም፤ ውኃ መቅጃውም ዘንድ አይደለም። የሚጀምረው ሐኪሙ ዋናውን ሥራ ጨርሶ ሆዱን ሊዘጋ ክርና መርፌ ሲያነሣ ባለችው ሩብ ሰዓትና ቁስሉ በሚያገግምባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ስለዚህም ብዙው ክፍል መከላከል የሚቻል ነው። መከላከያውም ውድ መሣሪያ አይፈልግም።

በአካባቢያችን ሰው ሄርኒያን በደፈናው «ቡአ» ይለዋል። ቡአ ሲባል ግን አብዛኛው ሰው የሚያስበው ብሽሽት ላይ የሚያብጠውን ወይም ወደ ቆለጥ ከረጢት የሚወርደውን ነው። ይኸኛው የተለየ ነው። የሚመጣው ቀድሞ በምላጭ በተከፈተ ቦታ ብቻ ነው። ቆዳው ላይ ያለው ጠባሳ የተዘጋ፣ ያማረም ሊሆን ይችላል። የተከፈተው ከቆዳው ሥር ያለው ጠንካራ ሽፋን ነው፤ በዚያ ክፍተት አንጀት ወይም የሆድ ሞራ ይወጣል። የመሐል ሆድ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 100 ሰዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በሚቀጥሉት ዓመታት ይህ እንደሚገጥማቸው በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ውፍረት ያላቸውንና ቁስላቸው ያመረቀዘባቸውን ብቻ ለይተን ስናይ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። ሕይወት ለማትረፍ በተደረገ ሥራ ላይ የሚመጣ ይህን ያህል ጉዳት በየትኛውም ሙያ ቢሆን «ትንሽ» ተብሎ አይታለፍም።

የሆዳችንን ግድግዳ መሐል ለመሐል፣ ከደረት አጥንት ሥር እስከ ብልት አጥንት፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነጭ መስመር አለ። ግራና ቀኝ ያሉትን የሆድ ጡንቻዎች አያይዞ የያዘው ይህ ጅማታማ መስመር ነው። ለሐኪም የተመቸ ቦታ ነው፤ ሥጋ ሳይቆረጥ፣ ብዙ ደም ሳይፈስ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሆድ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። አንጀቱ የተጠመዘዘበት፣ ጨጓራው የተበሳበት፣ በጥይት የተመታ ሰው ሲመጣ ሌላ ቦታ የመምረጥ ጊዜ የለም። ችግሩ ይህ መስመር ደም የሚደርሰው በቁጥቁጥ መሆኑ ነው። ደም የራቀው ነገር ደግሞ ቀስ ብሎ ይድናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁስሉ የራሱ የሆነ ጉልበት ፈጽሞ የለውም፤ ሆዱን የያዘው ክሩ ብቻ ነው። ወደ ግማሽ ጥንካሬው ለመመለስ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጅበታል። ዓመት ቢሞላውም እንደ ቀድሞው አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ሐኪሞች አንድ ቀላል ዘዴ አስበው ነበር። ሆድ ሲዘጉ በሽፋኑ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ትንንሽ የብረት ምልክቶች አኖሩ፤ ከዚያም በየጊዜው ራጅ እያነሡ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ከዓመታት በኋላ ሄርኒያ ያወጡት ሰዎች አብዛኞቹ ገና በመጀመሪያው ወር ላይ የሽፋናቸው ጠርዝ ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ተራርቆ የተገኙት ነበሩ። ከላይ ቆዳው ድኗል፣ ሰውየው ወደ ሥራው ተመልሷል፣ ከሥር ግን በሩ ተከፍቷል። እብጠቱ በዓይን እስኪታይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመትና ሁለት ዓመት ይወስድበታል፤ ያኔ ሰው በቅርብ ያነሣውን ጆንያ ያስታውስና ጥፋቱን እርሱ ላይ ይጥላል። የአጎቴ ነገር ወደ ልቤ የመጣው ይህን ጥናት ሳነብ ነው።

እንግዲህ ስለ ክሩ። እናቶቻችን ሰፌድና ሞሶብ ሲሰፉ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ወስፌው በተቀራረበ ቁጥር ስፌቱ ይጠነክራል፤ በተራራቀ ቁጥር ይላላል። የሆድ ስፌትም ሕጉ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሐኪሞች ግን ለረጅም ዘመን የተማሩት ተቃራኒውን ነበር። «ብዙ ሥጋ ያዝ፣ ራቅ አድርገህ ውጋ፣ ጥብቅ አድርገህ ሳብ» የሚል ነበር ልማዱ፤ ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ፣ በየአንድ ሴንቲ ሜትሩ። ይህ ጠንካራ ይመስላል፤ ግን ጡንቻና ሞራ አብሮ ይታሰራል። የታሰረው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፣ ይሟሟል፣ ያኔ ክሩ ይላላል። ሆዱ ደግሞ ከቀዶ ጥገና በኋላ ይነፋል፤ ሲነፋ የቁስሉ ርዝመት እስከ ሲሶ ድረስ ይጨምራል። ጥብቅ ብሎ የተሳበ አጭር ክር መለጠጫ የለውምና ሥጋውን እንደ ቢላ ይከረክረዋል።

ጄንኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን በስሌት አስቀምጦታል፤ የፈጀው ክር ቢያንስ የቁስሉ ርዝመት አራት እጥፍ መሆን አለበት። 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቁስል 80 ሴንቲ ሜትር ክር ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ወይ ስፌቱ ተራርቋል፣ ወይ ክሩ ከልክ በላይ ተስቧል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ማስመሪያ ብቻ ነው። የክሩ ሙሉ ርዝመት ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፤ የተረፈውን ለክቶ መቀነስ ነው። ቀላልነቱ ራሱ ያስቆጨኛል።

ቀጥሎ በስዊድን ሰንድስቫል ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች የስሌቱን ሌላ ገጽ መረመሩ። አራት እጥፉን በትልልቅ ስፌትም በትንንሽ ስፌትም መሙላት ይቻላልና የትኛው ይሻላል? 737 ታካሚዎችን ይዘው ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጥናት መልሱን ሰጠ። በትልልቅ ስፌት ከተዘጋላቸው 100 ሰዎች 18ቱ ሄርኒያ አወጡ። ከጠርዙ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ርቆ፣ ሽፋኑን ብቻ እየያዘ፣ በተቀራረበ ስፌት ከተዘጋላቸው ግን 6 ያህሉ ብቻ። የቁስል ማመርቀዙም በግማሽ ቀነሰ። ከስድስት ዓመት በኋላ ኔዘርላንዶች በአሥር ሆስፒታሎች 560 ሰዎችን ይዘው ደገሙት። በአንድ ዓመት ውስጥ በትልልቁ ስፌት ከ100 ሰው 21፣ በትንንሹ 13። የተጨመረው ሥራ ምን ያህል ነበር? ለመዝጋት የፈጀው ጊዜ በአማካይ ከ10 ደቂቃ ወደ 14 ደቂቃ ከፍ አለ። አራት ደቂቃ ብቻ! የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት የምላት እነዚህን 14 ደቂቃዎች ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ የሄርኒያ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2022 በጋራ ባወጡት መመሪያ ለታቀደ ቀዶ ጥገና የሚመክሩትም ይህንኑ ነው፤ ባልተቋረጠ አንድ ክር፣ ቀስ ብሎ በሚሟሟ ክር፣ በትንንሽ ስፌት፣ ቢያንስ አራት እጥፍ።

እዚህ ላይ አንባቢን ማታለል አልፈልግም። እነዚህ ጥናቶች በዋናነት የተደረጉት ቀጠሮ ተይዞላቸው፣ ተዘጋጅተው በመጡ ታካሚዎች ላይ ነው። አጎቴ ግን በሌሊት፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ሁለት ቀን እህል ሳይቀምሱ ነው የደረሱት። በሰሜን ሸዋ ሆድ ከሚከፈትላቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሆድ ውስጥ መግል ባለበት ሁኔታ የትኛው ስፌት እንደሚሻል የሚያሳየው ማስረጃ የዚያን ያህል የጠራ አይደለም። ይሁንና አራት እጥፉ የሜካኒክ ሕግ ነው፤ በቀጠሮ ለመጣም በቃሬዛ ለመጣም ሆድ ይነፋል፣ ክርም ይከረክራል።

የክሩ ዓይነትም ወሳኝ ነው። በየሆስፒታሉ በብዛት የሚገኘው ቪክሪል የተባለው የሚሟሟ ክር በሦስት ሳምንት ውስጥ የጉልበቱን ግማሽ ያጣል፤ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ያልቅለታል። ሽፋኑ ግን በዚያ ጊዜ ገና ራሱን አልቻለም። ልጅ ገና ሳይቆም ደጋፊውን እንደ መንሣት ነው። ፒዲኤስ የሚባለው ክር ከአንድ ወር በኋላም ግማሽ ያህል ጉልበቱን ይዞ ይቆያል፤ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟው በስድስት ወር አካባቢ ነው። ይህ በማይገኝበት ጊዜ ፈጽሞ የማይሟሟው ናይለን ሄርኒያን በመከላከል አያንስም፤ ጣጣው ቋጠሮው ቆዳ ሥር እየቆረቆረ አንዳንዱን ሰው ለረጅም ጊዜ ማሳመሙና አልፎ አልፎም መግል መያዙ ነው። በቪክሪል ከሚዘጋ በናይለን ይዘጋ ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ክር ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አምጡ ተብሎ በሌሊት የተላከ ቤተሰብ ደግሞ የክሩን ስም በወረቀት ላይ በግልጽ ተጽፎ ማግኘት ይገባዋል። ሻጩ «ይኼም ያው ነው» ሲለው የሚመልሰው ነገር እንዲኖረው።

ሁለተኛው ትልቁ ምክንያት የቁስል ማመርቀዝ ነው። ያመረቀዘ ቁስል ሽፋኑ ይበሰብሳል፣ ስፌቱ መያዣ ያጣል። እዚህ ላይ ለእኛ የቀረበ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ በቤኒን፣ በጋና፣ በናይጄሪያ፣ በሩዋንዳ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በህንድና በሜክሲኮ ከ13,000 በላይ ታካሚዎችን የያዘ ጥናት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ሆዱን ከመዝጋታቸው በፊት መላው ቡድን ጓንቱን ቢቀይርና ንጹሕ መሣሪያ ቢያነሣ ምን ይሆናል? ማመርቀዙ ከ100 ከ19 ወደ 16 ወረደ። የሦስት ሰው ልዩነት አነስተኛ ሊመስል ይችላል። በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ሆድ በሚከፈትበት ሆስፒታል ግን ይህ የብዙ ሰዎች ቤት ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ጥንድ ጓንትና አንድ ተጨማሪ የመሣሪያ ጥቅል ነው።

ሌሎቹን ሁሉም ባለሙያ ያውቃቸዋል፤ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒቱ ሆዱ ከመከፈቱ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ከተከፈተ በኋላ የተሰጠው ጥቅሙ ይቀንሳል። ቆዳውን በአልኮል በተዘጋጀ ክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ታካሚው እንዳይበርደው ማድረግ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ከዚያም ከፍ ትላለች። በእንዲህ ያለ ብርድ ራቁቱን ቀዝቃዛ አልጋ ላይ ለሰዓታት የተኛ ሰው ቁስሉ የማመርቀዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ «ንጹሕ ሆኖ ይሂድ» ብሎ የታካሚውን ሆድ ቤት ውስጥ በምላጭ መላጨት አይገባም። ምላጭ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል፣ ጀርሙም በዚያው ይገባል። ፀጉሩ ማስቸገሩ ካልቀረ ሆስፒታል ውስጥ በመቀስ ወይም በማሽን ይከረከማል።

የሰሜን ሸዋን ኑሮ ሳስብ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሳል ነው። ስለ ሄርኒያ መከላከል በውጭ አገር የተጻፈ ምክር ሁሉ «ሲጋራ አቁም» ብሎ ይጀምራል። ልክ ነው፤ ሲጋራ የቁስል ማዳንን ያዳክማል፣ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ማቆምም ይጠቅማል። የደጋ ገበሬና የደጋ እናት ግን ሲጋራ ሳያጤሱም ያስላሉ። ዛፍ በራቀበት ደጋ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው፤ ቤቱ ለብርድ ተብሎ መስኮት የለውም፣ ጭሱ መውጫ ያጣል። አንዲት እናት ሆዷ ተሰፍቶ በአሥረኛው ቀን እዚያ ጭስ ውስጥ ተመልሳ እንጀራ ስትጋግር በየሳሉ ስፌቱ ከውስጥ ይገፋል። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ከሆስፒታል ሲወጣ ሊነገር የሚገባው የመጀመሪያ ምክር «ለስድስት ሳምንት ከጭስ ቤት ራቂ» የሚል ነው። ሳል ሲመጣ ደግሞ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ሆድ ላይ ጫን አድርጎ መሳል ሕመሙን ያቀልላል። የቆየ ሳል ካለ፣ ቀዶ ጥገናው አስቸኳይ እስካልሆነ ድረስ፣ አስቀድሞ መታከም አለበት።

ሆድ ድርቀትም እንዲሁ ነው። የማስታገሻ መድኃኒቶች አንጀትን ያሰንፋሉ፤ ሰው ያምጣል፣ ማማጥ ደግሞ ከሳል አይተናነስም። ውኃ በደንብ መጠጣት፣ በተቻለ መጠን ቶሎ ከአልጋ ተነሥቶ መራመድ፣ ካልሆነም ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት እንዲያዝ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ከአልጋ ሲነሡ በቀጥታ ወገብን አጥፎ ከመነሣት በጎን ዞሮ በክንድ ተመርኩዞ መነሣት ይሻላል።

ስለ ምግብ ሲነሣ ጾም ይመጣል። ቁስል የሚሽረው በፕሮቲን ነው፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት። ሐኪም ብሉ ብሎ ሳለ ጾም አልሽርም ብለው ሹሮና ደረቅ በሶ ብቻ እየቀመሱ ቁስላቸው አልሽር ያላቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም፤ የነፍስ አባትን ማማከር ነው። በጾሙ እጸናለሁ ለሚል ግን ባቄላው፣ ምስሩ፣ አተሩ፣ ሽንብራው ከየማሳችን አለ፤ መጠኑን ከወትሮው አብዝቶ መብላት እንጂ ፕሮቲን ከጾም ምግብ አይጠፋም። ስግደትም አለ። በሰሙነ ሕማማት በቀን መቶና ከዚያ በላይ ጊዜ ወድቆ መነሣት ገና ስድስት ሳምንት ላልሞላው የሆድ ስፌት ከባድ ሸክም ነው። ይህንንም ለካህኑ መናገር ያስፈልጋል። ቁስሉ ላይ ቅቤና ማር መቀባት ይቅር፤ ጸበልም ቢሆን ቁስሉ እስኪዘጋ መጠጣቱ ይሻላል፣ ሆዱን ማጠቡ ይቆይ።

ብዙዎች ከቀዶ ጥገና በኋላ ሆዳቸውን በመቀነት ጥብቅ አድርገው ያስራሉ። መቀነቱ ደጋፊ ነው፤ ሲራመዱ ሕመም ያቀልላል፣ ልብ ያረጋጋል። ሄርኒያ እንደሚከላከል ግን ያሳየ ማስረጃ የለም። ማሰሩ አይጎዳም፣ ታስሯል ብሎ ጆንያ ማንሣት ግን ስህተት ነው።

ስለ ሸክም ራሱስ? ዕርፍ መያዝ አጎቴን አልጎዳቸውም ለማለት አይደለም። ሐኪሞች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሡ ይላሉ፤ ይህ በአብዛኛው ከልምድና ከጥንቃቄ የመጣ ምክር እንጂ በጠንካራ ጥናት የተረጋገጠ አይደለም። እኔ ምክሩን እቀበላለሁ። ክሩ ብቻውን በሚይዝባቸው ሳምንታት ሙሉ ጀሪካን ውኃ፣ 20 ኪሎ ማለት ነው፣ ከቁልቁለት ምንጭ ተሸክሞ መውጣት አያስፈልግም። ነገር ግን ምክሩ ለታካሚዋ ብቻ ሲነገር ባዶ ቃል ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ውኃ ቀጂ ከሌለ ምን ታድርግ? «ከባድ እንዳታነሺ» ከተባለችው ይልቅ መስማት የሚገባቸው ባሏ፣ ልጆቿና ጎረቤቶቿ ናቸው። መሬት ጦሙን እንዳያድር ሰው በደቦና በወንፈል ይረዳዳል፤ የሆድ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ገበሬ ማሳም በዚያው ወግ ሊታረስለት ይችላል። ከሆስፒታል የሚወጣው ሰው ሳይሆን ሊወስደው የመጣው ዘመድ ፊት ለፊት ቆሞ «እስከ ፋሲካ ድረስ ይህ ሰው አያርስም» ቢባል፣ ዘመድ ያንን ቃል ይዞ ወደ ቀዬው ይገባል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ነገሩን አክብዶታል። በጥይት የተመታ ሆድ አንጀቱ ተበስቶ፣ ውስጡ ቆሽሾ ስለሚመጣ ከሁሉም ይበልጥ የሚያመረቅዘውና የሚከፈተው እርሱ ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ በሰዓታት ሊደርስ የሚችለው ታካሚ በቀናት ይደርሳል። ይህ በሐኪም እጅ ያለ ነገር አይደለም። ነገር ግን ዛሬ የሚዘጉ ብዙ ወጣት ሆዶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሄርኒያ ይዘው ወደ ሆስፒታሎች እንደሚመለሱ ካሁኑ ማሰብ ያስፈልጋል። ያኔ የሚደረገው ጥገና ከመጀመሪያው መዘጋት እጅግ የከበደ ነው፤ ሰፊ ቀዶ ጥገና፣ የሆዱን ግድግዳ ለመደገፍ የሚሰፋ ሜሽ የሚባል መረብ፣ ረጅም ሰዓት፤ ተሠርቶም ዳግም የሚወጣበት ሰው ጥቂት አይደለም።

መረብ ከመጀመሪያው፣ ሄርኒያ ሳይወጣ፣ ለመከላከል ቢሠራስ? በዚህ ላይም ጥሩ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የአውሮፓ ጥናት ለሄርኒያ በተለይ የተጋለጡ 480 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ በሁለት ዓመት ውስጥ አየ። በክር ብቻ ከተዘጋላቸው ከ100 ሰው 30 ሄርኒያ ሲያወጡ፣ በሽፋኑ ላይ መረብ ከተነጠፈላቸው 13 ብቻ። ለውጡ ትልቅ ነው። እኔ ግን ለእኛ ሆስፒታሎች ይህን ከፊት አላስቀምጥም። ማስመሪያ ሳይነሣ፣ ትክክለኛው ክር በመደርደሪያው ላይ ሳይኖር ስለ መረብ ማውራት መሠረት ሳይጣል ጣራ ማልበስ ነው። ለወላድ እናቶች ያለው ዜና ደግሞ ደስ የሚል ነው፤ ከብሽሽት ከፍ ብሎ በአግድም የሚደረገው የወሊድ ቀዶ ጥገና ከመሐሉ ቁልቁል ቁርጥ ይልቅ ለሄርኒያ የመጋለጥ ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው።

ታዲያ መጀመር ያለበት ከየት ነው? እኔ የምለው ሆዱን ከሚዘጋው እጅ ነው። በብዙ አገር እንደሚደረገው በእኛም ዘንድ ዋናውን ሥራ የሠራው ባለሙያ ደክሞታል፣ ሌላ ታካሚ እየጠበቀው ነው፤ መዝጋቱ ለታናሹ ይተዋል። ታናሹም ቶሎ ጨርሶ መገላገል ይፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ያቺ የተቆጠበች አራት ደቂቃ ከሁለት ዓመት በኋላ የአራት ሰዓት ቀዶ ጥገና ሆና ትመለሳለች። አንጀቱን መፍታት እንደ ጀግንነት፣ ሆዱን መዝጋት እንደ ተራ ሥራ መቆጠሩ መቅረት አለበት። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ የተሰየመው ከኢትዮጵያ ቀደምት የቀዶ ሕክምና ሊቃውንት አንዱ በነበሩት በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ነው። በዚያ ስም የሚማሩ ወጣቶች መዝጋትን ራሱን የቻለ ጥበብ አድርገው፣ በፈተና የሚጠየቁበት አድርገው ቢማሩት የሚገባ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየወረዳው ሆስፒታል ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ የሠለጠኑት የጤና ባለሙያዎችም እንዲሁ፤ ከደብረ ብርሃን ርቆ በሌሊት ሆድ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ብዙ ጊዜ የእነርሱ እጅ ነውና።

ሌላው ወረቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የቀዶ ጥገና ደህንነት መጠይቅ በአገራችን ሆስፒታሎችም ይሠራበታል። ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት መርፌና ጨርቅ ይቆጠራል፣ ናሙናው ላይ የታካሚው ስም ይጻፋል። ስለ ሆዱ አዘጋግ ግን የሚጠይቅ መስመር የለውም። መጠይቁ ራሱ በግርጌው ላይ እንደየአካባቢው ሁኔታ መጨመርና ማሻሻል እንደሚቻል፣ እንደሚበረታታም ይናገራል። አንድ መስመር ይጨመር፤ የቁስሉ ርዝመት ይህን ያህል፣ የፈጀው ክር ይህን ያህል፣ የክሩ ዓይነት ይህ፣ የዘጋው ባለሙያ እገሌ። ይህ ለመክሰስ አይደለም። ያልተለካ ነገር አይሻሻልምና ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እብጠት ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር ሆስፒታሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ከራሱ የሚማርበት ነገር እንዲኖረው ነው።

እብጠት ቀድሞ ያለባችሁ ሰዎች አንድ ነገር ያዙልኝ። ሲጋደሙ የማይገባ፣ የጠነከረ፣ የሚያም፣ ከላዩ የቀላ ወይም የጠቆረ እብጠት፣ ከዚያ ጋር ማስመለስና ጋዝም ሆነ ሰገራ አለመውጣት ካለ አንጀቱ ታንቋል ማለት ነው። ሌሊት ነው፣ ነገ ይሻለዋል ተብሎ አይታደርም። እብጠቱን በጉልበት ገፍቶ ለማስገባት መሞከርም ይቅር። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ባለፈው ጥምቀት መንዝ ሄጄ የአጎቴን የሆስፒታል ወረቀት አየሁት። በጥንቃቄ በላስቲክ ጠቅልለው ከሣጥን ውስጥ አኑረውታል። የበሽታው ስም አለ፤ የተቆረጠው አንጀት ርዝመት አለ፤ የተሰጣቸው መድኃኒት ሁሉ አለ። ስለ ሆዳቸው አዘጋግ የተጻፈው «ተዘግቷል» የሚል ቃል ብቻ ነው። በምን ክር፣ ምን ያህል፣ በማን እጅ፣ የለም። በዚያው ምሽት ታላቅ ልጃቸው ለሁለተኛው ቀዶ ጥገና ሲወስዳቸው ሐኪሙን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ጠየቀኝ። ከደብተር ላይ ወረቀት ቀድጄ «በምን ክር ነው የምትዘጉት? የፈጀው ክር ይለካል ወይ?» ብዬ ጻፍኩለት። አጎቴ አነበቡትና ለአፍታ ዝም አሉ። «እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?» አሉኝ። ይጠየቃል አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ከሆስፒታሉ ወረቀት ጋር እዚያው ላስቲክ ውስጥ ከተቱት።